ዜማን ያቆዩ ሰዎች፤ ከቤተልሔም እስከ ደብረ ታቦር

አንድ ደብር የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ ምእመናኑ አስቀድመው የሚቈጥሩት በዓይን የሚታየውን ነው። ቤተ መቅደሱን ማን እንደ ተከለው፥ ጣራውን ማን እንዳስከደነው፥ ደወሉን፥ መጋረጃውን፥ መስቀሉንና ጥላውን ማን እንደ ሰጠው ይቈጥራሉ። ይህም የሚገባ ነው፤ የሰጠ ይታሰባል፥ የደከመም ይመሰገናልና። ነገር ግን በዓይን ከሚታየው ሀብት ይልቅ የሚበልጥ፥ ሚዛን የማይመዝነው፥ ዕቃ ቤትም የማይቈለፍበት ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም ዜማው ነው። በዋዜማው ሌሊት ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፥ ጸናጽላቸውን ይዘው፥ ግራና ቀኝ ሆነው በቆሙ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ከግንቡ ይልቅ እጅግ የሸመገለ ነው። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ስማቸው በመዝገብ ይገኛል፤ ዜማውን ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ እዚህ ያደረሱት ሰዎች ግን የብዙዎቹ ስም እንኳ አልተጻፈም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ነው። ቃል እንደ ተነገረ በነፋስ ይጠፋል፤ ዜማ ደግሞ ከቃልም ፈጥኖ ይጠፋል። ታዲያ የበጌምድር ደጋ የዘመተበትን ጦር፥ የነደደበትን እሳትና የመታውን ረኃብ የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ዜማ በዚህ ሁሉ መካከል እንዴት ሳይጠፋ ቀረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ይበልጥ እንዲገለጥ በዚያው ዘመን በኤውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የደረሰበትም ጥቂት ይነገራል፤ አንዱ ነገር ከሌላው ጋራ ሲተያይ መልኩ ይታወቃልና። ዓመታቱም ለማነጻጸር እንዲመቹ ሁሉም በኤውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ እንደ ሆነ ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት በአክሱም የነበረ ካህን ነው። በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት እየደጋገመ ሲወድቅና ሲነሣ፥ በመጨረሻም ሲደርስ አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ገድሉ ይተርካል። ግእዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፥ ደግሞም ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። ከእርሱም በኋላ የተነሡ ሊቃውንት በየበዓሉ እየጨመሩ አስፍተውታል። ሆኖም ያሬድ ዜማውን ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው በድምፁ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱም የተቀበሉት በጆሮአቸው ነው። ከዚያም ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ማኅደሩ የሰው ደረት ነበረ።

በምዕራብ አገርም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በሮማው ሊቀ ጳጳስ በጎርጎርዮስ ስም የሚጠራውን ዜማ ዘማሪዎቹ በቃላቸው ያጠኑት ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት ግን በቃሉ ራስ ላይ ትንንሽ ምልክት መጻፍ ጀመሩ። ያም ምልክት ድምፁ እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ ያሳስባል እንጂ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ አይናገርም፤ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ማስታወሻ፥ ለማያውቅ ግን ዲዳ ነበረ። በ11ኛው መቶ ዓመት ጊዶ የተባለ በኢጣልያ በአሬጾ ከተማ የነበረ መነኵሴ ምልክቱን በተሰመሩ መስመሮች ላይ አቆመውና የያንዳንዱ ድምፅ ከፍታ በዓይን የሚለይ ሆነ። ጊዶም ቀድሞ ዐሥር ዓመት ይፈጅ የነበረውን ትምህርት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ለመፈጸም አስችያለሁ ብሎ ነበር። በእውነትም ታላቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዘማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከብራና እያነበበ ማዜም ቻለ። ነገር ግን ትርፍ ያለ ኪሳራ አይገኝምና፥ ዜማው በብራና ላይ ብቻውን መኖር ከቻለ በኋላ የዘማሪው ትንፋሽ፥ የፍጥነቱ ልክ፥ ድምፁን የሚያለዝብበትና የሚያጠብቅበት ልማድ በየዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። የዚህ ፍጻሜ ወደ ኋላ ይነገራል።

እነዚህ ሁለት ዓለሞች በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ፊት ለፊት ተገናኙ። በ1520 በዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት ከፖርቱጋል የመጣው መልእክት ምጽዋ ደርሶ ወደ ንጉሡ ከተማ ወጣ። ለንጉሡ ካመጡት ገጸ በረከት ውስጥ ሰይፍና መድፍ፥ የዓለም ካርታ፥ ደግሞም በወናፍ ነፋስ የሚጮኸው የኤውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት መሣሪያ፥ ኦርጋን የሚባለው ነበረበት። ከመልእክተኞቹም ጋራ ማኑኤል ደ ማሬስ የተባለ ኦርጋን መቺ አብሮ መጣ። ከእነርሱ ጋራ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በአገራችን ኖሮ ያየውን ሁሉ ጽፎ አስቀርቶአል። ይሁን እንጂ ኦርጋኑ ዘር ሳይተካ ቀረ። የእንጨትና የቆርቆሮ ዕቃ ንጉሥ ከንጉሥ ሊቀበለው ይችላል፤ የሚያስተምር መምህርና የሚማር ደቀ መዝሙር ካልተከተሉት ግን በተቀመጠበት ዝም ይላል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መከራው መጣ። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የንጉሡ ጦር በግራኝ አሕመድ ከተሸነፈ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፥ ብራናው ነደደ፥ ካህናቱ ተገደሉ፥ የቀሩትም ወደ ዋሻና ወደ አምባ ተሰደዱ። ልብነ ድንግል በ1540 በስደት ሳለ ዐረፈ፤ ልጁ ዐፄ ገላውዴዎስ ተተካ። በ1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ግራኝ ወደቀና አገሪቱ ትንፋሽ አገኘች። በዚያን ጊዜ የተረፉት ሊቃውንት ጉባኤያቸውን ቢመለከቱ መንበሩ ባዶ፥ ደቀ መዝሙሩ ጥቂት ሆኖ አገኙት። አንድ የዜማ መምህር ሲሞት አንድ የመጻሕፍት ቤት እንደ ተቃጠለ ነውና፥ የዚያ ዘመን ኀዘን በተቃጠለው ብራና ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም።

ከዚህ በኋላ በገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ማሕሌታውያን ተነሡ። በታሪክ እንደ ተጻፈው፥ የድጓውን ዜማ በምልክት ሥርዓት አስይዘው ንጉሡ ለሠራት ለተድባበ ማርያም ካህናት አስተማሩ። ስለ ምን በዚያ ዘመን ሆነ ቢባል ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም፤ የመምህራኑን ቍጥር ጦርነት ካሳነሰው በኋላ በሕይወት የቀሩት ያወቁትን ሁሉ ለመቃብር ላለመተው መትጋታቸው ነው። ምልክት በሰፊው የሚታይባቸው የድጓ ብራናዎችም ከዚያ መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉት ናቸው።

ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ ለምእመናን መግለጥ ይገባል፤ ብዙ ሰው በድጓው ላይ የተረጨውን ጥቃቅን ጽሕፈት እያየ ትርጓሜውን አያውቀውምና። አንደኛው ወገን ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንቱ ናቸው፤ ድርስና አንብር የተባሉት ሁለቱ ሲጨመሩባቸው ዐሥር ይሆናሉ። መምህራኑም ምሥጢር ይሰጡአቸዋል፤ ይዘት የጌታን መያዝ፥ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፥ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳስባል ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ከቃሉ ራስ ላይ የሚጻፉት አንድ ሁለት ፊደላት ናቸው። እነዚህም በመቶ የሚቈጠሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከአንድ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ ናቸው። ባለ ዜማው ፊደሉን ባየ ጊዜ የተወሰደበትን ቃል ያስባል፤ ያ ቃል የሚዜምበትንም ዜማ ወደ አዲሱ ቃል ያመጣዋል።

ከዚህ የሚታወቀው ነገር ይህ ነው። የጊዶ መስመር ዜማውን ለማያውቀው ሰው ለማስታወቅ የተሠራ ነው፤ የጌራና የራጉኤል ምልክት ግን ዜማውን የሚያውቀውን ሰው እንዳይዘነጋ ለማስታወስ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው መምህሩን ያሳርፋል፤ ሁለተኛው መምህሩን የግድ ይፈልጋል። ቃሉን በዜማ ተቀብሎ ያላጠና ሰው ፊደሉን ቢያነበው ፊደል ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። በቅኔ ቤት አነጋገር፥ ምልክቱ ሰም ነው፤ ወርቁ በመምህሩ ጕሮሮ ነው። ሊቃውንቱ ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ እንኳ ዜማውን ለብራና ፈጽመው አልሰጡትም፤ ብራናውን ለመምህሩ አገልጋይ አደረጉት እንጂ።

በዚህ ነገር የደቡብ ጎንደር ደጋ የተለየ ክብር አለው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከግራኝ ጥፋት የተረፈ ድጓ በእርስዋ ዘንድ እንደ ተገኘ ይተረካል። ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ቤተልሔም ወጥቶ፥ ምልክቱን አሳርሞ፥ በመምህሩ ፊት አዚሞ ካልተመሰከረለት የድጓ መምህርነቱ አይጸናም። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ምልክቱን ማግባቱ የቈየ ልማድ ነው፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ራሱም እየተጻፈ ይሄዳልና።

የቤተ ክርስቲያንዋም አሠራር ከዚህ ነገር ጋራ የሚመሳሰል ምሥጢር አለው። በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደዚያ ወጥቶ ነበር። ከውጭ ሲያያት እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሆና ሣር የለበሰች ነበረች፤ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን በክቡ ቤት መካከል በአክሱማውያን ሥርዓት በድንጋይና በእንጨት ተነባብሮ የተሠራ፥ ማዕዘን ያለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለቤተልሔም ሊቃውንት ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዚያች ጣራ ሥር ሲያዜሙ ኖረዋልና። ዜማውም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ ለሚመለከተው ድሃ የሣር ጎጆና የተማሪ ደበሎ ይታየዋል፤ ወደ ውስጥ ለሚገባ ግን የጥንቱ ሕንፃ ሳይፈርስ ቆሞአል።

ቤተልሔም ብቻዋን አይደለችም። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ናት፤ ዝማሬ ከቍርባን ጋራ የሚዜመው፥ መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን ጸሎትና ለመታሰቢያ የሚዜመው ነው። ስለዚህ በማናቸውም አገር በአንድ ክርስቲያን ቀብር ላይ መዋሥዕቱ በተቃኘ ጊዜ የዙር አባ ድካም አብሮ አለ። በእስቴ ያለችው ቆማ ፋሲለደስም በስምዋ የሚጠራ የዜማ ስልት ነበራት፤ የቆማ ዜማ ይባላል። አጫብር የተባለውም ሌላ ስልት አለ። እነዚህ ሦስቱ፥ ቤተልሔም፥ ቆማና አጫብር፥ በአንዱ በያሬድ ቃል ላይ የተለያየ የዜማ መንገድ የያዙ ወንድማማች ቤቶች ናቸው። በኋላ ግን የቤተልሔም ዜማ በአገሩ ሁሉ ሰፋ፤ ቆማና አጫብር በጥቂት ቦታና በጥቂት መምህራን ዘንድ ብቻ ቀሩ። ይህንንም በጦርነት የመጣ ጥፋት እንዳይመስለው አንባቢው ያስተውል፤ ዜማ ደቀ መዝሙር በማጣት ብቻ በጸጥታ ሊያልቅ ይችላልና።

በ17ኛው መቶ ዓመት ሌላ ፈተና መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ፤ በ1625 የደረሰውም ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጥምቀቱንና ክህነቱን እንደገና ለማድረግ፥ ቅዳሴውንም ወደ ሮማ ሥርዓት ለመለወጥ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በኤውሮፓ ዜማ እጅግ የረቀቀበት፥ በብዙ ድምፅ የሚዜምበትና መሣሪያው የበዛበት ዘመን ነበረ። አስቀድሞም በሮማ ፓለስትሪና የተባለ ሊቅ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ዘመን አካባቢ ተነሥቶ የብዙ ድምፅን ዜማ ከፍ ወዳለ ማዕረግ አድርሶት ነበር። የዜማው ውበት የሚነቀፍ አይደለም። የበጌምድር ሕዝብ የተቃወመው ውበቱን ሳይሆን የአባቶቹን ሃይማኖትና ሥርዓት በግድ ማስተዋቸውን ነው። በጣና ዳር በቈራጣ ስምዋ የሚጠራው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከተቃወሙት አንዲቱ ነበረች፤ ስለዚህም ተሰደደች፥ ተጋዘችም። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሰ፤ ልጁ ፋሲለደስም ነገሠ። በየገዳሙ ተሸሽጎ የነበረው ማሕሌት እንደ ገና በአደባባይ ቆመ።

ፋሲለደስ ጎንደርን ካቀና በኋላ አቋቋም በዚያች ከተማ ሰፋ፥ በለጸገም። አቋቋም ማለት ዜማውን በመቋሚያ፥ በጸናጽል፥ በከበሮና በሰውነት እንቅስቃሴ ማገልገል ነው፤ ቁም ዜማ፥ ዝማሜ፥ መረግድ፥ ጽፋትና ወረብ እያለ ከዝግታ ወደ ፍጥነት፥ ከኀዘን ወደ ደስታ ይወጣል። ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ በግቢው ውስጥ የዜማ አዳራሽ አሠርቶአል፤ እስከ ዛሬም ፍራሹ ይታያል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የአገሩን የዜማ መሣሪያዎች፥ ጸናጽሉን፥ ከበሮውን፥ ነጋሪቱን፥ መለከቱንና ክራሩን እየገለጠ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1776 በለንደን በታተመው በቻርልስ በርኒ የዜማ ታሪክ ውስጥ ገባ። ከዚያም በኋላ ናፖሊዮን ግብፅን በያዘ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋራ የነበረው ቪሎቶ የተባለ ፈረንሳዊ በካይሮ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ግእዝን፥ ዕዝልንና ዓራራይን ሰምቶ በአገሩ ምልክት ለመጻፍ ሞከረ።

ወደ ኤውሮፓው ነገር ፍጻሜ እንመለስ። ዐፄ ኢያሱ ታላቁ በጎንደር በነገሠበት ዘመን፥ በ1685 በጀርመን አገር ዮሐን ሴባስቲያን ባሕ ተወለደ። ይህ ሰው ከ1723 ጀምሮ በላይፕሲግ ከተማ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን እንደኛ መሪጌታ ሆኖ ሕፃናትን ዜማ ያስተምር፥ ለሰንበትና ለበዓል የሚሆነውን ድርሰት ያዘጋጅ ነበር። በ1750 ከሞተ በኋላ በማቴዎስ ወንጌል የደረሰው ታላቁ የሕማማት ዜማ ሳይሰማ ብዙ ጊዜ ኖረ። በ1829 ሜንደልስዞን የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት በበርሊን እንደ ገና አሰማው፤ ሕዝቡም ተደነቀ። ብራናው ዜማውን ጠብቆት ነበር። ነገር ግን አቀራረቡ እንደ ባሕ ዘመን አልነበረም፤ ዘማሪው በዝቶ፥ መሣሪያው ተለውጦ፥ ድርሰቱም አጥሮ ነበር። እንዲሁም በፈረንሳይ በሶሌም ገዳም ከ1833 በኋላ የተሰበሰቡ መነኮሳት የጎርጎርዮስን ዜማ ከአሮጌ ብራና እያስተያዩ ለማደስ ብዙ ዘመን ደከሙ። ከዚያም አርኖልድ ዶልሜች የተባለ ሰውና ሌሎችም የጥንቱን መሣሪያ በጥንቱ አኳኋን እየሠሩ፥ አሮጌ የትምህርት መጻሕፍትን እየመረመሩ፥ አባቶቻችን ይህን እንዴት ተጫወቱት ብለው ይፈልጉ ጀመር። እስከ ዛሬም በዚህ የሚደክሙ ብዙ ሊቃውንት አሉ፤ ድካማቸውም ፍሬ አፍርቶአል። ይሁን እንጂ የሚጠይቁት ሽማግሌ የላቸውም። ወረቀቱ በእጃቸው አለ፤ ከባሕ የሰማ፥ ከዚያም ከሰማው የሰማ መምህር ግን የለም።

የበጌምድር ዕድል ግን በተቃራኒው ሆነ፤ ወረቀቱ ሲጠፋ መምህሩ ቀረ። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስበረበሩ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ከተማዪቱን በእሳት አጠፉ። ወደ መቅደላ ከተጋዙት መጻሕፍት ብዙዎቹን በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ወሰዳቸው። በ1888 ደግሞ ድርቡሽ ጎንደርን ገብቶ አቃጠለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ሆነ። በጊዶ መስመር ላይ ብቻ የቆመ ዜማ ቢሆን ኖሮ ከመጻሕፍቱ ጋራ በጠፋ ነበር። የእኛው ግን በቤተልሔም፥ በዙር አባና በየደጋው ጉባኤ ባሉ መምህራን ደረት ውስጥ ስለ ነበረ፥ ብራና በተገኘ ጊዜ እንደ ገና ተጻፈ።

በዚያው የመከራ ዘመን አዲስ ነገር መወለዱ ደግሞ ያስደንቃል። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና በጨዋታቸውና በመልሳቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ስለ ቀልዳቸው የሚያወራ ብዙ ነው፥ ስለ ሊቅነታቸው የሚያወራ ግን ጥቂት። እኒህ ሊቅ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሸንበቆ ተመልክተው፥ ካህኑ በዝማሜ ጊዜ ሰውነቱን እንደዚያው ግራና ቀኝ የሚያዘነብልበትን አዲስ አቋቋም እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት በአባቶቻቸው ሥርዓት ጸንተው አልተቀበሉአቸውም ይባላል። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ አቋቋሙም በደብረ ታቦር ተተከለና በልጁ ስም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ከደብረ ታቦርም ወደ ብዙ አገር ወጣ። ስለዚህ ዛሬ በሩቅ አገር ባለ ደብር ካህናቱ እንደ ሸንበቆ ሲወዛወዙ የሚያይ ሰው፥ የጣናን ነፋስና የደብረ ታቦርን ጉባኤ በአንድነት ያያል።

ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የአባቶችን ሥርዓት መጠበቅ ማለት ምንም ነገር ፈጽሞ አይጨመርም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሚጨምረው ሰው አስቀድሞ የነበረውን ጠንቅቆ ያወቀ ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛው፥ አዲሱም ነገር ቢሆን ተቀባይ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ተክሌ ባይማር ኖሮ የአባቱ ሥራ ከጨዋታቸው ጋራ በወሬ ብቻ በቀረ ነበር።

እንግዲህ በዘመናችን ያለው አደጋ ምንድር ነው? እሳት አይደለም፥ ሰይፍም አይደለም። የመምህሩ መተዳደሪያና የተማሪው ቍራሽ ነው። ቀድሞ ካህናቱና መምህራኑ በደብሩ መሬት ይኖሩ ነበር፤ በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ተማሪው ግን ዛሬም አኰፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየጮኸበት፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጃፉ ይለምናል። ድጓ የብዙ ዓመት ትምህርት ነው፤ በረኃብና በብርድ መካከል የሚፈጸም ነው። ወላጅ ልጁን ወደዚያ ለመላክ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁሉ ቢያመነታ የቆማና የአጫብር ዕጣ ለቤተልሔምም ሊደርስ ይችላል።

አንዳንድ ሰው፥ አሁን ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ስላለ ዜማው አይጠፋም ይላል። መቅረጽ መልካም ነው፤ ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን ማስቀረት የሚገባ ሥራ ነው፥ ያልተደረገበትም ቦታ ቢኖር ሳይዘገይ ይደረግ። ነገር ግን መሣሪያ ያሰማል እንጂ አይሰማም። ተማሪው ሲሳሳት ቀና ብሎ አይመለከተውም፤ ከዚህ ተመለስ፥ ይህን ቅናት አጥብቀው፥ ይህን ርክርክ አትሩጥበት አይለውም። መምህር ማለት የሚያዜም ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ዜማ የሚሰማ ጆሮ ነው። ኤውሮፓውያን ባሕን ሲፈልጉ ያጡት ይህን ጆሮ ነው፤ በጋይንት ደጋ በሣር ጎጆ ውስጥ ግን ዛሬም ይገኛል።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ምእመናን የደብራቸውን ሀብት በቈጠሩ ጊዜ ዕቃ ቤቱን ብቻ አይቍጠሩ። በደብራችን ጉባኤ ስንት ተማሪ አለ? ስንቱ ድጓውን ይፈጽማል? መምህሩስ ከምን ይበላል? ብለው ይጠይቁ። ግንብ ከፈረሰ በገንዘብ ይሠራል፤ ጣራ ከዛገ ይለወጣል። ከአንድ ሺሕ አራት መቶ ዓመት በላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲወርድ የመጣ ዜማ ግን አንድ ትውልድ ቢዘነጋው በምንም ገንዘብ አይመለስም። አንድ ቤት አንድ ተማሪ ቢያሳድር፥ አንድ ማኅበር አንድ መምህር ቢረዳ፥ በመዝገብ ስማቸው ያልተጻፈው እነዚያ ሰዎች የተቀበሉትን አደራ ተቀበለ ማለት ነው።

የሚመጣውም ኢዮቤልዩ በደረሰ ጊዜ፥ ዛሬ በአኰፋዳው ቍራሽ የሚለምነው ሕፃን በመሪጌታነት መቋሚያውን ይዞ በቅኔ ማሕሌቱ መካከል ይቆም ዘንድ፥ ከግራና ከቀኝም የሚቀበሉት ደቀ መዛሙርት እንዳያጣ፥ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን። ለእርሱ ክብር ምስጋና ይሁን፤ አሜን።